አንድ ቃል ብዬ ቆጠርኩ

ከለገሃር ሽቅብ፣ በቸርችል ጎዳና፣
ቴሌግራም ተቀባይ፣ መስኮት ቁጥር ሦስት፣
ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁና
ቃል ለእኔ ሒሳብ ነው፤
ሲበዛ ያስከፍላል፣ ሲያንስ ይተርፋል።

«እኛ ደህና ነን» — ሦስት።
«ደህና» ብቻ ይበቃል እላቸው ነበረ፣
«እኛ»ንም «ነን»ንም በእርሳስ እየሰረዝኩ።
ሰው ይስቃል፤ ይከፍላል፤ ይሄዳል።
ስንቱን ናፍቆት አሳጠርኩ፣ ስንቱን ለቅሶ ከረከምኩ!

ወይዘሮ ይታክቱ የመጣች ዕለት ዝናብ ነበር።
ከክብሪት ቀፎ ውስጥ ሳንቲም አራገፈች፣
እርጥብ ክርኗን መስኮቴ ላይ አሳረፈች።
«ሞምባሳ ላለው ልጄ፣ ለማንደፍሮ» አለች፣
«መርከብ ያራግፋል፤ ሰባት ዓመቱ ነው።
ምን ብዬ ልላክበት? አሞኛል ልበለው?
ቤቱ ያፈሳል ልበል? እህትህ ወለደች?»
ቃሉን ቆጠርኩላት። ሳንቲሟን ቆጠረች።
ዝም አለች።
«ተወው፤ ‹ና› በልልኝ።»
«ስምሽንስ ልጨምር?»
«ለገዛ ልጄ ስም ልክፈል?» አለች፤
«‹ና› የምትለው ሌላ ማን አለችው?»

አንድ ቃል ብዬ ቆጠርኩ።
የውጭ ቴሌግራም በእኛ ፊደል አይሄድም፤
በላቲን ሁለት ሆሄ፦
ጭረት፣ ነጥብ። ነጥብ፣ ጭረት።
ትንፋሽ አይሞላም።
ደረሰኝ ቆረጥኩላት፤ ክብሪቷን ዘጋች፤ ሄደች።

በአራተኛው ወር አንድ ሰው መስኮቴ ላይ ቆመ፣
ክንዱ ላይ ጥቁር ጨርቅ፣ እጁ ላይ ያ ወረቀት።
«ቀሪውስ?» አለኝ። «ቀሪው የታለ?»

ለካ በሰባት ዓመት ሕልሙ ስዋሂሊ ሆኗል፤
እዚያ ወደብ ላይ «ና» ማለት «እና» ነው፦
ዳቦ ና ሻይ። ገመድ ና ጆንያ። አንተ ና እኔ።
ላቲኑን ሲያየው በወደቡ አንደበት አነበበው፦
«እና…»
እናስ? እና ምን?
መስመር ተቆርጦ ነው፣ ነገ ይደርሳል ብሎ
ማታ ማታ ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ውሎ
የዓረፍተ ነገሩን ጭራ ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ፣
እሷ እዚህ በሯን ሳትቀረቅር
ልጅ ስትጠብቅ።

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ ታመመ።
ፒያሳ ብወጣ ሰዓት አዳሹ ሙሴ ሐጎፕ
ከሚስቱ ሲያወጋ «ና» ይላል፤ ዘወር እላለሁ፤
«እሱ» ማለቱ ነው፣ «እሷ»ም ቢሆን ያው ነው አሉኝ፣
በአርመን ቋንቋ ወንድና ሴት አንድ ደጅ ይገባሉ።
ባልቻ ሆስፒታል ሲስተር ጋሊና ክኒን ዘርግታ
«ና» አለችኝ፤ በሩሲያኛ «እንካ» ማለቷ ነበር፤
እኔ ቀረብኩ፣ ክኒኑም እጄ ገባ፤
ሁለታችንም አልተሳሳትንም።
ጎረቤቴ ሚስተር ሻርማ፣ የሂሳብ መምህሩ፣
ኳስ ፍለጋ የመጡ ልጆች በሩን ሲያንኳኩ
«ና! ና!» ብሎ ይጮሃል፤ አይሆንም ማለቱ ነው፤
ልጆቹ ግር ብለው ይገባሉ።

ይህን ሁሉ ትናንት ለጉተማ ነገርኩት፣
ከብሔራዊ ቴአትር ጥግ ጫማ ለሚጠግነው።
ክሩን በጥርሱ በጠሰና
«በእኛ በኦሮምኛ ‹ና› ማለት ‹እኔን› ነው» አለ።
«‹ና ኤጊ› ስትል፣ ጠብቀኝ፣ እኔን።»

እኔን።
ልጅ ሲደናቀፍ እናት የምትለው፣
ከአፏ የሚያመልጣት፣ ማንም የማይቆጥረው።

የደረሰኙ ግልባጭ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤
«የቃላት ብዛት» ከሚለው ፊት «1» ብያለሁ፣ በእጄ ጽሕፈት።
እርሳስ አነሳለሁ ልሰርዘው።
ስንት ብዬ እንደምጽፍ
አላውቅም፤
መልሼ አስቀምጠዋለሁ።